ጋሽ ይማምና እንግዳው መልስ

ጋሽ ይማም ሞቱ ብላ የደወለችልኝ ድሮ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። ገና ከአፏ ሳይወጣ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሰው ነገረኝ።»

«የትኛው ሰው? በዓይኑ አይቷል?»

«ዘሀራ፣ እኔም እኮ እንዳንቺው ስጠይቅ ስጠይቅ ቆይቼ፣ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነው ያመንኩት» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። አላህ ይዘንላቸውና፣ የገዛ ሞታቸውን እንኳ ያለ ማስረጃ እንዳንቀበል አድርገው ነበር ያስተማሩን።

ጋሽ ይማም ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በተከራዩት አንዲት ክፍል ለሥራ ፈተና የምንቀመጠውን ሁሉ «አፕቲቲውድ» የሚባለውን የችሎታ መመዘኛ ያስጠኑናል። የኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ዲፕሎማ የያዘ ሁሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር አንገቱን አስግጎ የሚውልበት፣ መሥሪያ ቤቱም ፋብሪካውም ከቃለ መጠይቅ በፊት ፈተና የሚሰጥበት ዘመን ነበር። ሰው በሒሳቡ ብዙም አይወድቅም፤ ብዙውን የሚጥለው ማመዛዘን የሚሉት ክፍል ነው። እሱን ደግሞ እንደ ጋሽ ይማም የሚያስጠና የለም ይባላል። እኔም ይህንኑ ሰምቼ ሄድኩ።

«ማን ላከሽ?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

«ማንም አልላከኝም ጋሼ። ጥሩ ያስጠናሉ ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ጥሩ መሆኔን ያ ያለሽ ሰው በምን አወቀ?»

«እርስዎ ጋ ተምሮ አልፏል።»

«እኔ ጋ ባይማርስ አያልፍም ነበር?»

ወላሂ፣ ትቼው ልመለስ ነበር። ሊማር የመጣን ሰው በር ላይ እንደ ተከሳሽ የሚያፋጥጥ አስተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። በኋላ ነው የገባኝ። እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሌላ አስጠኚ ነበር፤ ጋሽ ይማም አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ያ ሰውዬ ሊሰልላቸው የላከው ይመስላቸዋል።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲያናግሯቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው በአንድ ዓይናቸው ነው የሚያዩት፤ ዶሮ መሬት ላይ ያገኘችው ነገር ጥሬ ይሁን ጠጠር ስታጣራ እንደምታየው። እንቁላል ሲገዙ አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር ይወዘውዙታል። ባጃጅ ሲያስቆሙ ሹፌሩን «ወዴት ነህ?» ይሉታል፤ እሱ «ጋሼ ወዴት ልውሰድዎ?» ሲላቸው «መጀመሪያ አንተ ተናገር» ይላሉ። አንድ ጊዜ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ሳያዙት ሻይ አመጣላቸው።

«ሻይ እንደምፈልግ በምን አወቅህ?»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ሻይ ነው የሚጠጡት።»

«ሁልጊዜ የጠጣ ሰው ዛሬም ይጠጣል ያለህ ማነው?»

ሻዩን መለሱት። ከዚያ ሻይ አዘዙ።

መቼም ያ ጊዜ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ጋሽ ይማም ካፌ ሲገቡ ስለ ቀበሌ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ስለ ኳስ ማውራት ይጀምራል። «ጆሮ ጠቢ ናቸው፤ አለዚያ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ምን ይሠራል?» ይባባላሉ። እሳቸው ደግሞ በገቡ ቁጥር ወሬ ሲቀየር እየታዘቡ፣ «እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አለባቸው፤ የማን ጆሮ እንደሆኑ እንጃ» ይሉን ነበር። እንዲህ እየተጠራጠሩ ስንት ዓመት በአንድ ካፌ ሻይ እንደጠጡ አላህ ይወቅ።

ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ የሚጽፏት አንዲት ምሳሌ ነበረቻቸው። «ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሚኒባስ ይዘገያል። ሚኒባሱ ዘግይቷል። ስለዚህ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል።»

«ትክክል ነው?» ይላሉ ጠመኔውን ይዘው።

ሐረጎን፣ ያንን የደሴና የኮምቦልቻ ጠመዝማዛ ዳገት፣ በጉም የወጣ የወረደ የደሴ ሰው «ትክክል ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? እኛም እንላለን። ይሄኔ ይነሳባቸዋል።

«ጎማው ቢተነፍስስ? ሹፌሩ ምሳው ላይ ቢቆይስ? ትራፊክ ይዞት ቢሆንስ? ጉም ያዘገያል ማለት የዘገየ ሁሉ በጉም ነው ማለት ነው? ሰው ስታሙ የምታደርጉት ይሄንኑ ነው! ሌባ ሰፈር ሰፈሩን ይዞራል፤ እገሌ ሰፈር ሰፈሩን ዞረ፤ እንግዲያው እገሌ ሌባ ነው! አታፍሩም?»

እናፍር ነበር። ከዚያ ክፍል ወጥቼ ስንት ሰው በከንቱ ማማት እንደተውኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ይማምን የሚያህል አልነበረም።

ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ፈተናው እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ክርክር ያመጣና «ክርክሩን ይበልጥ የሚያጠናክረው የትኛው ነው?» ይላል። ጋሽ ይማም ሁለት ምርጫ ይጽፋሉ። ሀ፦ «እስከ ዛሬ ጉም በወረደ ቀን ሁሉ ሚኒባሱ ዘግይቷል።» ለ፦ «ዛሬ ጎማ አልተነፈሰም፣ መንገድ ላይ ያስቆመው የለም፣ ሹፌሩም በሰዓቱ ነው የተነሳው።»

«መልሱ ሀ ነው» ይላሉ፤ በጣታቸው «ለ»ን እየጠቆሙ። «እዚህ ጎማ የሚባል እንግዳ ገብቷል። ክርክሩ ውስጥ ጎማ የሚል አለ? የለም። ያልተጠራ ሲመጣ ጠርጥሩት! መልስ ከተነገራችሁ ነገር ውጭ አይሄድም።»

እንግዳ የሚሉት ይህንን ነበር፤ ክርክሩ ውስጥ ያልነበረ፣ በምርጫ በኩል ሹልክ ብሎ የሚገባ ነገር። ሕጉን በቃላችን ያዝነው። ለሌላ ዓይነት ጥያቄ፣ «ከተነገረው ምን ይከተላል?» ለሚለው፣ የሚሠራ ሕግ እንደሆነ፣ ለዚህኛው ግን ገደል እንደሚከት ማን ነግሮን! እሳቸው ያልጠረጠሩትን እኛ ማን ሆነን ልንጠረጥረው?

አንድ ቀን ብቻ አለሙ እጁን አወጣ። አለሙ የገጠር ቄስ ልጅ ነው፤ ደሴ አጎቱ ቤት ተጠግቶ ነው የሚኖረው። አጎቱ የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ «እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘህ ተመልሰህ ከአባትህ ጋር እረስ» ብለውታል። ከአፉ ቃል የሚወጣው በግድ ነው። ያን ቀን ግን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ሀ እኮ መጀመሪያ የተባለውን ነው የደገመው። ምንም አልጨመረም። ለ ግን ሌላ ሌላውን ምክንያት እያስወጣ ጉሙን ብቻውን ያስቀረዋል።»

አንገታቸው ሰበር አለ። «ይሄን ማን ነገረህ?»

«ኧረ ማንም። ራሴ አስቤ ነው።»

«ፒያሳ ሄደሃል!»

«በማርያም አልሄድኩም ጋሼ!»

«ይኸው፣ መማል ጀመረ። መሐላ የሚቀናውን ሰው ደግሞ አጥብቃችሁ ጠርጥሩ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አለሙ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳውም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ከጋሽ ይማም ክፍል ሰባት ሆነን ወርደን ተፈተንን፤ ከፊላችን በአንድ አዳራሽ፣ ከፊላችን በሌላ። ውጤት ሲለጠፍ ግን የሰባታችንም ስም ፊት «ታግዷል፤ ቢሮ ይቅረብ» ይላል። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ዘሀራ ልትቀጠር ነው» ብላ አውርታለች፤ እኔን እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የቅጥር ኃላፊው ወረቀቶቻችንን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ጠበቀን። ጎልማሳ ሰው ነው፤ አይቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የሚያስፈራው።

«ውጤታችሁ ጥሩ ነው» አለ። «የሚያልፍ ነጥብ አላችሁ። ግን ክርክር አጠናክሩ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ሰባታችሁም ተሳስታችኋል። መሳሳት ያለ ነው። ሰባታችሁም ከአራት ምርጫ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ነው የመረጣችሁት፤ በሁሉም ላይ። ከአንድ ወረቀት የገለበጡ ሰዎች ስህተታቸው ይመሳሰላል። የእናንተም ይመሳሰላል። ስለዚህ ገልብጣችኋል።»

«የተቀመጥነው እኮ በተለያየ አዳራሽ ነው!» አልኩ።

«እንግዲያው መልሱ ከፈተናው በፊት ደርሷችኋል። እስከ አርብ ያመጣላችሁን ሰው ስም ንገሩኝ። አለዚያ እዚህ ብቻ አይደለም፣ ሌላውም ፋብሪካ ስማችሁን ያውቀዋል።»

ወጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ማንም ማንንም አያይም። ከዚያ አንዷ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ከጥበቃው ጋር ስታወሪ አይቼሻለሁ» አለችኝ። ሽንት ቤት የት ነው ብዬ መጠየቄ ነው! እኔም ነደደኝና «አንቺስ ከሁላችን ቀድመሽ የጨረስሽው ምን አግኝተሽ ነው?» አልኳት። ደግነቱ ጸጉር ለጸጉር አልተያያዝንም። ከዚያ ዓይኖች ሁሉ ቀስ እያሉ አለሙ ላይ አረፉ። ከሁላችን የባሰው ችግረኛ እሱ ነዋ! እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ይህም አስጠረጠረው።

በዚያው ወደ ደሴ ወጥተን ጋሽ ይማም በር ላይ ደረስን። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ በሩን ዘጉና አንድ በአንድ አዩን።

«የትኛችሁ ናችሁ?»

«ጋሼ!»

«ለማጽናናት ጊዜ የለኝም። የሰረቀ አሁን ይናገር። ስሜን ይዛችሁ ነው የገባችሁት።»

እንባዬ መጣ። «እሺ፣ ጥያቄውን ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ» አልኩ። አንዱ ጥያቄ፣ የእንፋሎት ማፍያውን ቦይለር የሚያነሳው፣ አልጠፋብኝም ነበር። «ቦይለሩ ከተበላሸ ፋብሪካው ይቆማል። ፋብሪካው ቆሟል። ስለዚህ ቦይለሩ ተበላሽቷል ይላል። የሚያከራክሩት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። ሀ፣ ቦይለሩ በተበላሸ ቁጥር ፋብሪካው ቆሟል። ለ፣ መብራት አልጠፋም፣ ጥሬ ዕቃ አላለቀም፣ ሠራተኛውም ገብቷል።»

«ሀ» አሉ ወዲያው። «ሀ ነዋ! ለ ላይ መብራት የሚባል እንግዳ አለ።»

«እኛም ሀ ነው ያልነው።»

«ታዲያ ምን ተሳሳታችሁ?»

«ጋሼ፣ ሀ ስህተት ነው ተባልን።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አልተቆጡም። ጠመኔ አንስተው ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ራቅ ብለው አዩት፤ ቀርበው አዩት፤ ሀ የሚለውን አጥፍተው እንደገና ጻፉት። በመጨረሻ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «አለሙ» አሉ። «ያን ቀን ምን ነበር ያልከኝ?»

አለሙ ዞር ብሎ እኛን አየ።

«በለኝ እንጂ። አልቆጣም።»

«ሀ የተባለውን ነው የደገመው ብዬ ነበር። ለ ሌላ ሌላውን ምክንያት ያስወጣል ብዬ።»

ሰሌዳው ፊት እንደቆሙ «ለሌላው ጥያቄ የያዝኩትን ሕግ እዚህ አምጥቼ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እንደዚያ ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ ኖረው፣ ለካ የገዛ ሕጋቸውን አንድ ቀን እንኳ «ማን ላከሽ?» አላሏትም።

በማግስቱ ጠዋት አብረውን ወረዱ። ሐረጎን ስንወርድ በመስኮቱ ገደሉን ብቻ ሲያዩ ነበር። ቢሮው ስንገባ ግን የማውቃቸው ጋሽ ይማም ሆነው ነው ቀጥ ብለው የቆሙት።

«ክርክርዎ ቀዳዳ አለበት» አሉት ኃላፊውን። «ገልባጮች ስህተታቸው ይመሳሰላል፤ እውነት ነው። የተመሳሰለ ሁሉ ግን ገልባጭ አይደለም። የእርስዎ ክርክር እንዲቆም፣ ስህተታቸውን የሚያመሳስል ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ማሳየት አለብዎት። ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። እኔ ነኝ። ስህተቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

ያ ሁሉ ዓመት አፕቲቲውድ ሲባል ስማቸው የሚጠራ ሰው! ይህ ወሬ ሐረጎን ሳይሻገር እንደማይቀር፣ ከተሻገረ ደግሞ ያቺን ክፍል ማንም እንደማይረግጣት እያወቁ ነው የተናገሩት።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ልጆቹን ለማዳን የፈጠሩት ቢሆንስ?»

አይ ጋሽ ይማም! ፊታቸው በራ እኮ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «አይመኑኝ። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ድሮ ያስተማርኳቸው አሉ። እነዚህን ልጆች አያውቋቸውም። ራስዎ ያስጠሯቸው፣ ራስዎ ይጠይቋቸው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።»

እውነትም ዞሩ። እኛም ጥጉን ይዘን ዝም እንድንል ታዘዝን። መጀመሪያ ከሒሳብ ክፍል አንዲት ሴት ገባች። ኃላፊው ሌላ ምንም ሳይነግራት የቦይለሩን ጥያቄ ሰጣት።

«ሀ ነዋ!» አለች። «ለ ላይ መብራት የሚባል እንግዳ ገብቷል።»

«ብታስቢበት?»

«ምኑን አስበዋለሁ? ያልተጠራ ሲመጣ መጠርጠር ነው።»

የጋሽ ይማም ጀርባ ሲሸማቀቅ አየሁት። ቀጥሎ ከመጋዘን አንድ ሰውዬ መጣ። ወረቀቱን አነበበና፣ በአላህ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየው! «ሀ» አለ። «ይቺን እንኳ ማንም አያታልለኝም።»

ኃላፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። «በቃ፣ በቂ ነው» አለ።

«አይበቃም፣ አንድ ይጨምሩ» አሉ ጋሽ ይማም ከግድግዳው። ሦስተኛውም ገባና ሀ ብሎ ወጣ። በገዛ ቃላቸው እየተገረፉ ነበር የቆሙት፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩላቸው።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ። ጋሽ ይማም ዞሩ፤ እፎይ ያሉ መሰሉ። ይሄኔ ከአፋቸው አመለጣቸው።

«ይኸውልዎ፣ ይሄ ልጅ» አሉ ወደ አለሙ እያዩ፣ «ያኔውኑ መልሱ ለ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ አሹፌበት ያስቀመጥኩት።» ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር።

የኃላፊው እጅ ቆመ። «ይቆዩ። ይሄ ልጅ ትክክለኛውን መልስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ሀ ያለው ለምንድን ነው? ሌሎቹ ባለማወቅ ነው፣ ገባኝ። የሚያውቅ ሰው ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ሲሳሳት ግን፣ የገለበጠ ነው ማለት ነው።»

ቀዝቃዛ ውሃ ተደፋብን። ሁላችንም ዞረን አለሙን አየነው። ጋሽ ይማምም አንገታቸው ሰበር ሲል አየሁ፤ አመል ነዋ። «እውነትም» አሉ ዝግ ብለው። «ለምን ሀ አልክ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሀ ነው ስላሉ።»

«አንተ ለ መሆኑ ታይቶህ የለም?»

«ለ ይመስለኝ ነበር። ግን እርስዎ ከኔ ይበልጣሉ። ሳስበው፣ እሳቸው ያዩት እኔ ያላየሁት ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አመንኩዎት።»

ጋሽ ይማም ወደ አለሙ ተጠጉ። «ማን እመነኝ አለህ?» አሉት። ቁጣ አልነበረም። «እኔ ስንት ዓመት ማንንም አትመኑ እያልኩ፣ ማን እመነኝ አለህ?»

«ይሄ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ሰው አስጠርቼ አላጣራውም» አለ ኃላፊው። «ስድስቱ ይለፉ። እሱ ይቅር።»

አለሙ ድንገት አርጅቶ ታየኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ወደ በሩ ሄደ።

«ተቀመጥ!» አሉ ጋሽ ይማም። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ማስረጃ የለኝም። አምነዋለሁ።»

«የእርስዎ ማመን ለኛ ምን ይሠራል? ኃላፊነት የሚወስድለት ካለ ሌላ ነገር ነው። ዋስ አለው?»

ያኔ የሚቀጠር ሰው፣ አንድ ነገር ቢያጠፋ የሚጠየቅለት ደመወዝተኛ ዋስ ማቅረብ ነበረበት። የአለሙ ሰዎች ገበሬና የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ከየት ያመጣል? ጋሽ ይማም ደግሞ ለማንም ዋስ አይሆኑም፤ ይህን ደሴ ሁሉ ያውቀዋል። የእናታቸው ልጅ ከቢስቲማ ድረስ መጥቶ ቢለምናቸው፣ «ነገ ምን እንደምታደርግ በምን አውቃለሁ?» ብለው ነው የመለሱት። ወንድማማቾቹ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ነበር።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። «ወረቀቱን ያምጡት።»

ኃላፊው ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ገፋላቸው። «ያንብቡት እንጂ» አላቸው፤ «ልጁ ነገ ቢያጠፋ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ይማም ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። መነጽራቸውም እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱን አላወጡትም። አለሙን አንዴ አዩት፤ በሁለቱም ዓይናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳያነቡ ፈረሙ።